የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሞተር በአሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ላይ፦ ከአዳማ የተነሳ ጥያቄና 24 መልሶች

የመነሻው ጽሑፍ

ጠያቂው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው የሚኖረው። መኪናው የኋላ እግሩ የሚነዳ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፦ ኬኢ 70፣ ባለ 1.3 ሊትር 4ኬ ሞተር፣ ካርቡራተር፣ የእጅ ካምቢዮ። ከኤሌክትሪክ ባጃጅ የወጣ ባለ ማግኔት ሞተር አግኝቷል። ሰሌዳው 72 ቮልት፣ 3 ኪሎዋት፣ በደቂቃ 3,500 ዙር ይላል። የቤንዚን ሞተሩን ሳይነካ ይህን ሞተር ከካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎቹ ኃይል ከሚያደርሰው ዘንግ) ጎን አስሮ በሰንሰለት ሊያያይዘው አስቧል። በሞተሩ ላይ 15 ጥርስ፣ በካርዳኑ ላይ 30 ጥርስ፣ ማለትም 2 ለ1። ዲፈረንሻሉ (በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ማርሽ) ደግሞ ወደ 4 ለ1 ስለሚቀንስ ከሞተሩ እስከ ጎማው ጠቅላላው 8 ለ1 ይሆናል። በቀን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ እያለ ይነዳል፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ይሠራል ወይ? ስንት ባትሪ ይበቃዋል? ቦሎ ላይስ ምን ይገጥመዋል?

መልሶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ክብደት ያላቸው ላይ እቆያለሁ፤ ሌሎቹን አልፋቸዋለሁ።

መልስ 1

ሰላምታ አስቀድሞ፣ የኋላ እግሩ የሚነዳ መኪና መምረጡ ግማሹን ሥራ እንዳቀለለት ጠቅሶ ወደ ስሌት ይገባል። መኪናው ከሁለት ሰው ጋር 1,050 ኪሎ ቢመዝን፣ በሜዳ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው 124 ኒውተን፣ አየሩ ደግሞ 46 ኒውተን ያህል ይይዘዋል። ድምሩ 170 ኒውተን ነው፤ ጎማው ላይ 1.9 ኪሎዋት ማለት ነው። 3 ኪሎዋቱን በ3,500 ዙር ሲያካፍለው ሞተሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት 8.2 ኒውተን ሜትር ሆነለት። በ8 ተባዝቶ ለጎማው ራዲየስ፣ ለ28.7 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል 229 ኒውተን ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩ ብቻውን መኪናውን በከተማ ፍጥነት ይዞ መሄድ ይችላል ብሎ ይደመድማል።

መልስ 2

በስሌቱ ይስማማል፤ ግን የአዳማን ነፋስ ረስተሃል ይላል። ኮረብታዎቹ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት። መኪናው በ40 ሲሄድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣ፣ አየሩ የሚይዘው ከ46 ወደ 142 ኒውተን ያድግና ድምሩ 266 ይደርሳል። 229 ኒውተን ያን አይሸከምም። በእሱ አመለካከት ይህ ሞተር ቤንዚኑን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

መልስ 3

ውይይቱ የዞረው እዚህ ላይ ነው። ጻፊው ጉልበቱን ትቶ ማንም ያልጠየቀውን ያነሳል፦ ሞተሩ በማይፈለግበት ጊዜ፣ መኪናው በ100 ሲበር፣ ምን ይሆናል?

ማግኔት ያለው ሞተር ጎማው ባዞረው ቁጥር ራሱ ዲናሞ ነው። ቁልፉን ብትዘጋም ማግኔቱ አይጠፋም። ጎማው በአንድ ዙር 1.8 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በደቂቃ 926 ጊዜ ይዞራል። በ8 ሲባዛ ሞተሩን 7,400 ዙር ያስኬደዋል። ይህ ሞተር ያለ ጭነት በ76.8 ቮልት 4,000 ዙር ገደማ ቢደርስ፣ ለአንድ ቮልት 52 ዙር ማለት ነው። በ7,400 ዙር እንግዲህ 142 ቮልት ያመነጫል። የባለ 72 ቮልት መቆጣጠሪያዎች (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥኑ ሳጥኖች) ሞስፌት፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ፣ እና ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ቮልት የተሠሩ ናቸው። ያ ቮልቴጅ በሞስፌቶቹ ውስጥ ባሉት ዳዮዶች በኩል ፈቃድ ሳይጠይቅ ያልፋል። ባትሪው ከተያያዘ ያለ ገደብ ይሞላበታል፤ ካልተያያዘ መቆጣጠሪያው ይፈነዳል። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ የሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ማግኔቶች ከተጣበቁበት ሊነቀሉ ይችላሉ፤ ለዚህ ፍጥነት አልተሠሩምና።

መለኪያውንም ጨምሯል። ሞተሩን በድሪል 1,000 ዙር ላይ አዙረህ ከሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች በሁለቱ መካከል በኤሲ ቮልት ለካ። 13.6 ቮልት ገደማ ካሳየ (በ1.41 ተባዝቶ 19.2 ይሆናል) ግምቱ ልክ ነው፤ ሌላ ቁጥር ካሳየ ስሌቱን በዚያ ቁጥር ድገመው።

በዚህ ሥራ ለሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት መነበብ ያለበት ይህ መልስ ይመስለኛል። ሞተር ሲመርጡ ሰዎች የሚጠይቁት ስንት ኪሎዋት እንደሆነ ነው። መቆጣጠሪያውን የሚገድለው ግን ዙሩ ነው።

መልስ 4

ጠያቂው ራሱ ነው። አመስግኖ ይከራከራል፦ ከተማ ውስጥ ከ50 አያልፍም፤ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የሰንሰለቱን መቆለፊያ ፈትቶ ያወጣዋል። ሥራው አሥር ደቂቃ ነው ይላል።

መልስ 5

ድምፁ ጠንከር ይላል። ደኅንነቱ በማስታወስ ላይ የቆመ ነገር ደኅንነት አይደለም፤ አንድ ቀን በችኮላ ሳይፈታ መውጣቱ አይቀርም። መኪናውን ሌላ የቤተሰብ ሰው ቢነዳውስ? ኮንታክተር (የባትሪውን መስመር የሚቆርጥ ትልቅ ማብሪያ) ስላለኝ አጠፋዋለሁ የሚልም እንዳይሸወድ ያስጠነቅቃል፤ ኮንታክተሩ ባትሪውን እንጂ መቆጣጠሪያውን ከሞተሩ አይለየውም።

መልስ 6

እዚህ ጋ በዕድሜ የሚበልጡ መካኒክ ገቡ፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። ጠያቂውን ልጄ ብለው ጀመሩ፤ የ2 ለ1 ቅነሳውን ጣለው አሉት። ሞተርና ካርዳን 1 ለ1 ይዙሩ፤ ዲፈረንሻሉ የሚቀንሰው ይበቃል። ያኔ በ100 ላይ ሞተሩ 3,700 ዙር ነው፤ ቮልቴጁም 71።

አገጣጠሙን በዝርዝር ጽፈዋል። ባለ ጥርሱ ፑሊ በካርዳኑ ቱቦ ላይ በግማሽ በግማሽ ተቆርጦ አይታሰርም፤ ቱቦው ይጨመቃል፣ ሚዛኑም ይዛባል። ቦታው በካርዳኑ ፍላንጅና በዲፈረንሻሉ ፍላንጅ (ሁለቱ በሚታሰሩባቸው ጠፍጣፋ ጫፎች) መካከል ነው፤ አራቱ ቡሎኖች የጥንካሬ ደረጃቸው 10.9 በሆነ ረዘም ያሉ ቡሎኖች ይቀየራሉ። ፑሊው ቶርኖ ቤት ሲሠራ መሐሉ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ይኑረው፤ ጥርስ ያለው ጠርዝ ግን እንደ ጽዋ ወደ ዲፈረንሻሉ አፍንጫ ተዘርግቶ 30 ሚሊ ሜትር ይስፋ። መሐሉ 30 ከሆነ ካርዳኑ ያን ያህል ወደ ካምቢዮው ይገፋል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ተንሸራታቹ ጫፍ ውስጥ ገብቶ የካምቢዮውን ጀርባ ይሰብራል። ከተገጠመ በኋላም ለመንሸራተት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መቅረቱን መለካት ያስፈልጋል። ፑሊው ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከወላገደ ከ80 ጀምሮ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ሞተሩም አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። ወለሉ ላይ የታሰረ ሞተር ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሰንሰለቱን ወይም ቺንጋውን ይወጥራል፣ ያላላዋል። ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በሁለት ዩ ቡሎን በአክሰሉ ቱቦ ላይ ይታሰር፤ እንዳይዞር ሦስተኛ መያዣ ከዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቡሎን ላይ ይምጣ። ቱቦው ላይ ብየዳ አይነካም፤ ሙቀቱ ያጣምመውና ኩሽኔታው በወራት ውስጥ ይበላል።

መልስ 7

በጋሼ ይስማማል፤ ሰንሰለት ይቅር የሚል ያክላል። በዚህ ዙር ሰንሰለት ይጮኻል፤ የአዳማ አቧራም ከቅባቱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ባለ ጥርስ ቺንጋ ይሁን፤ በጥርስና በጥርስ መካከል 8 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 30። በሁለቱም ላይ ባለ 48 ጥርስ ፑሊ፣ ዲያሜትሩ 122 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚያ በጣም ያነሰ ፑሊ የፍላንጁን አራት ቡሎኖች ለመያዝ ሥጋ አይተርፈውም። መወጠሪያው የሞተሩ መቀመጫ ላይ ያሉት ረዣዥም ቀዳዳዎች ናቸው። በላዩ የጠጠር መከላከያ ላሜራ ይደረግ፤ ቺንጋው ቢበጠስም የፍሬን ቱቦውን እንዳይገርፈው።

መልስ 8

ጠያቂው ቅር ብሎታል። 1 ለ1 ከሆነ ጉልበቱ ይሞታል ይላል።

መልስ 9

ቅሬታውን በቁጥር ይመልሳል። 8.2 በ3.9 ወይም በ4 ተባዝቶ በ0.287 ሲካፈል 111 ወይም 114 ኒውተን ነው። ከሚያስፈልገው 170 ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ለአጭር ጊዜ፣ ከመብራት ሲነሳ ወይም ዳገት ሲይዘው፣ ሞተሩ ሦስት እጥፍ መስጠት ይችላል። እገዛ ሲባልም ይኸው ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንሳይትን ሲያወጣ ከቤንዚን ሞተሩ ጋር ያጣመረው የኤሌክትሪክ ሞተር 10 ኪሎዋት ብቻ ነበር፤ መኪናውን ብቻውን እንዲነዳ አልተሠራም። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ቤንዚን ሞተሩ አየር አጥሮት አንድ ስድስተኛ ያህል ጉልበቱን አጥቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አያውቅም፤ የጎደለውን የሚሞላውም እሱ ነው።

መልስ 10

ወደ ባትሪ ይገባል። 24 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች በተከታታይ፣ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት። 76.8 ቮልት፣ 7.7 ኪሎዋት ሰዓት፣ 48 ኪሎ ገደማ። ሲሞላ በሴል ከ3.65 ቮልት፣ በጠቅላላው ከ87.6 አይለፍ።

መልስ 11

ስድስት የመኪና ባትሪ ደርድረህ ጨርሰው፣ ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው ይላል።

መልስ 12

ይህኛው ሁለቱንም ያርማል፤ ለመልስ 11 የሰጠው ትዕግሥት የሌለው መልስ ነው። የማስነሻ ባትሪ ለሦስት ሴኮንድ ብዙ አምፒር እንዲሰጥ በስስ ሰሌዳ የተሠራ ነው፤ በየቀኑ ጥልቅ ድረስ ቢያወርዱት ጥቂት ወራት አይቆይም። ስድስቱ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ቢሆኑ 150 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ያ ሁለት ሰው ጭኖ እንደመሄድ ነው።

ለመልስ 10 ግን በትሕትና ነው የጻፈው፦ 100 አምፒር ሰዓት ለዚህ ሥራ ይበዛል። 111 ኒውተን ለአንድ ኪሎ ሜትር 31 ዋት ሰዓት ነው፤ የሞተሩና የመቆጣጠሪያው ብክነት ሲጨመር 36። ቆም ሄድ ሲበዛ 60 ይያዝ። ባለ 50 አምፒር ሰዓት ጥቅል 3.8 ኪሎዋት ሰዓት አለው፤ 80 በመቶውን ብቻ ቢጠቀም 50 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ይህ የጠያቂው የሁለት ቀን መንገድ ነው። ክብደቱም ዋጋውም በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሴሎቹ ግን ከያዙት እጥፍ፣ ማለትም 100 አምፒር፣ ለአጭር ጊዜ መስጠት የሚችሉ መሆናቸውን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ያሻል፤ መቆጣጠሪያውም በ100 አምፒር ይገደብ። በ10 አምፒር ቻርጀር አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት ሌሊት ቢጠፋም ጠዋት አያስቀርም፣ ቤንዚኑ አለና። በተዘጋ ኮፈን ውስጥ የአዳማ ፀሐይ ሴሎቹን ከ45 ዲግሪ በላይ ካሞቃቸው ቻርጁ እስኪበርዱ ይቆይ።

መልስ 13

የቪትዝ ባለቤት ነው። ከዚህ ሁሉ፣ በቪትዝ የኋላ ጎማና በታምቡሩ (የፍሬኑ ከበሮ) መካከል ባለ 48 ጥርስ አስገብቶ በሰንሰለት ማዞር አይቀልም ወይ ሲል ይጠይቃል።

መልስ 14

በውይይቱ ውስጥ በጣም የተቆጣው ይህ ነው። ጎማውን አውልቀህ አይተኸዋል ወይ ብሎ ይጀምራል። የታምቡሩ፣ ጎማው የሚታሰርበት ፊት፣ ቸርኬው ውስጥ በጥልቀት ገብቶ ነው ያለው፤ በዚያ ቦታ የሚዞር ሰንሰለት ወደ ውጭ መውጫ የለውም፣ ቸርኬው በሙሉ ከብቦታል። ቪትዙ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ቤንዚን ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ ይቆማል፤ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል።

መልስ 15

ቁጣውን ለማብረድ የገባ ነው። ሐሳቡ ሞኝነት እንዳልሆነ፣ ለፊት እግር መኪና የሚመቸው ጎማው ውስጥ የሚገባ ሞተር እንደሆነ ይናገራል። ከባዱ ሥራ ግን ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው። ታምቡሩ ሲወጣ የኋላ ፍሬንም የእጅ ፍሬንም አብረው ይወጣሉ፤ ዲስክና በሽቦ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ካልተመለሰ መኪናው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የሞተሩ ዘንግ በመያዣው ውስጥ እንዳይዞር የብረት ክንድ ያስፈልገዋል፤ ዘንጉ ከዞረ ሽቦዎቹን ጠቅልሎ ይበጥሳል።

መልስ 16

የዲኤክሱ ጉዳይ ይቀጥላል፦ የኤሌክትሪክ ሞተሩ መቼ ይግባ? ከካርቡራተሩ በታች ባለው የሞተር መሳቢያ ላይ የቫኩም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ክፍተት) ማብሪያ እንዲደረግ ይመክራል። ነጂው ቀስ ብሎ ሲነዳ ቫኩሙ ከፍተኛ ነው፤ ጠለቅ አድርጎ ሲረግጥ ይወርዳል። እገዛው የሚፈለገው ያኔ ነው። ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ ግን እዚህ አይሠራም። እዚያ በስራ ፈት ዙር ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚያሳይ ሞተር፣ አዳማ ላይ ጤነኛ ሆኖም አምስት ኢንች ያህል ዝቅ ይላል። በመመሪያው ቁጥር የተስተካከለ ማብሪያ እዚህ ሁልጊዜ በርቶ ይቀራል። መጀመሪያ ጌጅ ገጥመህ ለአንድ ሳምንት ተመልከት፤ ከዚያ ማብሪያውን በራስህ መኪና ንባብ አጋማሽ ላይ አቁመው ይላል።

መልስ 17

ቫኩሙ ማብሪያ እንጂ መጠን መቆጣጠሪያ እንዳልሆነ አስታውሶ፣ ከፔዳሉ ጋር ሦስት ሽቦ ያለው የሆል ሴንሰር (ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ በማግኔት የሚያነብ) እንዲታሰር ያክላል። ማወቅ ያለብህ የአበላሸቱን መንገድ ነው ይላል፦ ከሦስቱ የመሬት ሽቦው ቢበጠስ ምልክቱ ወደ 5 ቮልት ይዘላል፤ መቆጣጠሪያው ሙሉ የተረገጠ ይመስለዋል። ከ4.5 ቮልት በላይ ሲያይ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ይገዛ። የፍሬን መብራት ማብሪያውም የሞተሩን ፈቃድ ይቁረጥ፤ ካምቢዮው የኋላ ማርሽ ሲገባም እንዲሁ፣ ሞተሩ ወደፊት እየገፋ መኪናው ወደኋላ እንዳይታገል።

መልስ 18

የሽቦውን ሥራ ያመጣል። ከባትሪው ጥቅል በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ለዲሲ የተሠራ 125 አምፒር ፊውዝ። የቤት ቆጣሪ ላይ ያለው ማቋረጫ አይሆንም፤ ዲሲ ሲቋረጥ የሚነሳውን ብልጭታ አያጠፋም፣ ይቀልጣል። 25 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ኬብል፤ ጫፉ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ የታሰረ፣ በቆርቆሮ የተለሰነ አይደለም። ኮንታክተሩ ከመዘጋቱ በፊት በ100 ኦም፣ 25 ዋት ሬዚስተር ለሦስት ሴኮንድ ካፓሲተሮቹ ይሞሉ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ብልጭታ የኮንታክተሩን ከንፈር ይበየደዋል። የቤንዚን ሰልባቲዮው ካለበት ቦታ ኮንታክተር አይቀመጥም።

የመጀመሪያው ሙከራ መኪናው በካቫሌት ላይ ቆሞ፣ ኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው፣ ፊውዙ በ15 አምፒር ተተክቶ ይሁን። ሦስቱ ወፍራምና ሦስቱ ቀጭን የሆል ሽቦዎች 36 ዓይነት አያያዝ አላቸው። ሞተሩ ቢዞርም ከተንቀጠቀጠ ወይም ያለ ጭነት ብዙ አምፒር ከበላ አያያዙ የተሳሳተ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ለመንገድ የወጣ ሞተር ይቃጠላል።

መልስ 19

ከርዕሱ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አገሩ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው፤ በአሮጌ መኪና ከመልፋት ሸጦ የኤሌክትሪክ መግዛት ይሻላል የሚል ነው።

መልስ 20

ይህን ሐሳብ በብርቱ ይቃወማል። ዲኤክስ ተሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ እንኳ እንደማይገዛ ያስታውሳል። ከዚያ ግን ጠያቂውንም አይምረውም፦ አንድ ሊትር ቤንዚን በከተማ ጎማው ላይ 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ የ50 አምፒር ሰዓቱ ጥቅል አንድ ሙሉ ቻርጅ 2.6 ያደርሳል። ስለዚህ አንድ ቻርጅ ቢበዛ ሊትር ተኩል ነው የሚተካው፤ ቤንዚን ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ስለሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጎማውን በልኩ መንፋት፣ የካርቡራተሩን ነዳጅ መጠን ለአዳማ ከፍታ ማስተካከል፣ ፑንቲናውንና ካንዴላውን ማየት ባትሪ አይጠይቁም፤ ከእነዚህ በፊት ላሜራ መቁረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

አባባሉ ጎርበጥ ቢልም ስሌቱ እውነት ነው። ይህን እያወቀ የሚሠራ ሰው አይከፋም፤ ግማሽ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ የገባ ግን ያዝናል።

መልስ 21

ቤንዚን ሞተሩን ቁልቁለት ላይ አጥፍቶ በባትሪ ብቻ መሄድን ያነሳል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወረድ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ስለሚቀንስ 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ወደ ባትሪው መመለስ ይቻላል ይላል።

መልስ 22

ጋሼ ተመልሰው መጥተዋል፤ በሁለቱም ነጥብ አልተስማሙም። 600 ሜትር በ80 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ቁልቁለቱ በአማካይ ከ1 በመቶ ያንሳል፤ ጎማው ብቻውን 1.2 በመቶ ይይዛል፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። በአማካይ ቢታይ የሚመለስ የለም፤ አጫጭር ቁልቁለቶች ላይ የሚገኘው ለቀማ ነው። ባትሪው ሞልቶ እያለ ቢመልስ ደግሞ ቢኤምኤሱ (የባትሪው መጠበቂያ ሰርኪት) በሩን ይዘጋል፤ መሄጃ ያጣው ኃይል መቆጣጠሪያው ላይ ይወድቃል። መመለሱ ይዘጋ፣ ወይም ከ10 አምፒር አይለፍ።

ሞተር ስለማጥፋቱ የጻፉት ግን ልመና ይመስላል። የፍሬኑ ሰርቮ (መርገጡን የሚያቀልለው) የሚሠራው በሞተሩ ቫኩም ነው፤ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ቁልፉን እስከ መጨረሻው የመለሰ ሰው መሪው ይቆለፍበታል። እባካችሁ ልጆቼ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር አታጥፉ ብለው ጨርሰዋል።

መልስ 23

የቦሎውን ጥያቄ የመለሰው ይህ ብቻ ነው፤ በአጭሩ። ምርመራውንና ምዝገባውን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው መኪና ሌላ ከሆነ ምርመራ ላይም፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንስ ዘንድም ጥያቄ ይነሳል። ንድፉን ይዞ ሥራው ሳይጀመር ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ማሳየትና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው። አንድ ላሜራ እንኳ ሳይቆረጥ።

መልስ 24

ጠያቂው ለክቶ መጣ። አንዱን የኋላ ጎማ አንስቶ፣ ካምቢዮውን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ ጎማውን ሁለት ሙሉ ዙር ሲያዞረው ካርዳኑ 3.9 ዞረ። በድሪሉ መለኪያም 52 ዙር ለአንድ ቮልት መሆኑን አረጋገጠ። በባትሪው መደበኛ ቮልቴጅ፣ በ76.8 ቮልት፣ 1 ለ1 ቢያደርገው እስከ 111 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነፃ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያው መልስ ሳይወጣ ግን ራሱን አረመ፦ ባትሪው ወርዶ እያንዳንዱ ሴል 3 ቮልት ላይ ሲደርስ ጥቅሉ 72 ነው፤ ያኔ ገደቡ 104 ገደማ ይሆናል። ቺንጋው ደግሞ ካርዳኑን ስለከበበ አራቱ የፍላንጅ ቡሎኖች ካልተፈቱ አይወጣም፤ ለአዲስ አበባ መንገድ እያወለቁ መሄድ ቀርቷል። ስለዚህ በካርዳኑ በኩል 44 ጥርስ፣ በሞተሩ በኩል 48 አደረገው። የማያቋርጠው ግፊት ከ111 ወደ 102 ኒውተን ይወርዳል፤ ባዶ ሊሆን በተቃረበ ባትሪ የሚደረስበት ገደብ ግን 113 ይሆናል። ለቶርኖ ቤቱ የሚሰጠው ሥዕል ላይ 44ቱ ጥርስ 112 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ 10፣ ጠርዙ 30 ተብሎ ተጽፏል፤ አራቱ ቀዳዳዎች ከአሮጌው ፍላንጅ ላይ ተለክተው ይሞላሉ።